ቀድሞ የሚፈረም ወረቀት

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ቱንቢ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ቱንቢ ማለት ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚለኩባት፣ ከክር ጫፍ የምትንጠለጠል ብረት ናት፤ እሱም እሷን ኪሱ ሳይከት ከቤት አይወጣም። ሰው ለመጠየቅ ሄዶ እንኳ ወንበር ከመያዙ በፊት ዓይኑ ግድግዳው ላይ ያርፋል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያዝን፣ እሱ ወደ አጠገቡ ሰው ጠጋ ብሎ «ይሄ ማዕዘን ሁለት ጣት ወጥቷል» ሲል ሹክ አለ ይባላል። አላደረገውም ብሎ የሚምልለት ሰው አልተገኘም።

እጁ እንዲህ ይሁን እንጂ ዓይኑ ፊደል አይለይም ነበር። ስሌት ላይ ማንም አይደርስበትም፤ አንድ ክፍል ስንት ብሎኬት እንደሚበላ ቆሞ አይቶ ይነግራችኋል፣ አይሳሳትምም። ንባብ ላይ ሲመጣ ግን በልጅነቱ ያጣውን በትልቅነቱ መፈለግ አሳፈረው። የሚያውቃቸው የገዛ ስሙን አራት ፊደላት ብቻ ነበሩ፤ እነሱንም ለፊርማ ያህል ያስጠናው ወዳጁ ጸሐፊው ነው።

ጸሐፊው በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ትልቅ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ትንሽ ጠረጴዛ አስቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነው። የእጁ ጽሕፈት ከማማሩ የተነሳ ዳኞቹ ሳይቀሩ የእሱን ወረቀት ገና ከሩቅ ይለዩታል። ሁለቱ በጎረምሳነታቸው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ብርድ ልብስ ሲጓተቱ የኖሩ ናቸው። ጸሐፊው ሲያገባ ቤቱን ከመሠረት እስከ ጣሪያ የሠራለት ቱንቢ ነው፤ ስለ ዋጋ ሲነሳበት ተቆጥቶ። በምላሹ ጸሐፊው ዓይን ሆነለት። የመብራት ወረቀት ሲመጣ፣ የቤት ካርታ ሲሰጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጁ ደብዳቤ ሲደርስ፣ ቱንቢ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞ ወደ ጃንጥላው ይሄዳል። ጸሐፊው መነጽሩን ያጠልቅና ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነብለታል። መልሱንም ቱንቢ እየነገረው እሱ ይጽፋል። እጅና ጓንቲ ነበሩ።

የልጁ ነገር ከዚህ ታሪክ አይነጠልምና እሱን አስቀድሜ ልናገር። የሰፈሩ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። አምስተኛ ክፍል የገባ ልጅ አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ማዶ ካለው ትምህርት ቤት መሄድ አለበት። ጎዳናው ደግሞ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ ሾፌሮቹ ቁልቁለቱን ሲያገኙ ሰው ያለበት አይመስላቸውም። የቱንቢ አንዲት ልጁ አራተኛን በጨረሰችበት ዓመት፣ ከክፍሏ አንዲት ልጅ እዚያ መንገድ ላይ ቀረች። በማግስቱ ቱንቢ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀራት። እናቷ ቀደም ብላ ሞታለች፣ የሚከራከረው ሰው አልነበረም፤ «ከምትሞትብኝ መሃይም ትሁንልኝ» አለ፣ አበቃ። ልጅቷ ሦስት ቀን አለቀሰች። በአራተኛው ቀን መጥረጊያ አነሳች።

ሃያ ዓመት ሲሆናት ሴት ልጅ ወለደች፤ የልጅቷ አባት ማን እንደሆነ ቱንቢ ያውቃል፣ ስሙ ግን በቤቱ አይነሳም። ሕፃኗ ሁለት ዓመት ሲሞላት እናቲቱ ለአባቷ ትታት ወደ ሩቅ ከተማ ሄደች፤ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። በዚያችው በአራተኛ ክፍል ትምህርቷ በዓመት ሁለት ሦስት ደብዳቤ ትጽፋለች። ቱንቢ ደብዳቤዎቿን በብስኩት ቆርቆሮ ያጠራቅማል። የልጅ ልጁን ሚጢን ያሳደጋት እሱ ነው፤ ፀጉሯን መሥራት ሳይቀር ተምሯል፤ ከፊት ሲያዩት ያምራል፣ ከኋላ ግን መሃል መስመሩ ጠማማ ነው እያለች ሚጢ ትስቅበታለች።

ሚጢ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አንድ ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ አነበበ፦ «አባዬ፣ ሚጢ ከአራተኛ ክፍል እንዳትቀርብኝ። የምለምንህ ይሄን አንድ ነገር ብቻ ነው።» ይህን ሲያነብ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ቱንቢም እዚያው ጃንጥላ ሥር ቆሞ፣ አፉን ሞልቶ ማለ፤ ሚጢ አምስተኛ ክፍልን መንገድ ሳትሻገር ትማራለች አለ። ጸሐፊው እጁን ጨበጠው። ይህን መጨባበጥ አንባቢ ይያዝልኝ።

እንዴት አድርጎ? መቼም ለግንበኛ መልሱ አንድ ነው። ቱንቢ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ አባል ነበረ፤ ሰባት ናቸው፣ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ያዥ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ ከአምስተኛ እስከ ስምንተኛ የሚሆኑ አራት ክፍሎች በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንሥራ አለ። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሲጠየቅ፣ ሕዝቡ ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ጉልበቱን ከቻለ ሲሚንቶና ቆርቆሮ እንሰጣለን አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይሉ የለ፤ ሰፈሩ ተነቃነቀ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቀን በዚያ ሰፈር ሰው እቤቱ አልተገኘም። ዳቦ ጋጋሪዋ ሌሊት ስትጋግር አድራ ጠዋት ድንጋይ ታቀብላለች። ፀጉር አስተካካዩ በቱንቢ እጅ ብሎኬት መደርደር ተማረና፣ ደንበኞቹን ሲላጭ ሳይቀር ስለ ሲሚንቶና አሸዋ ልክ ማውራት ጀመረ። እናቶች ከታች ቧንቧ ውሃ ያመላልሳሉ። ቱንቢ ሥራ ላይ ርኅራኄ የሚባል አያውቅም ነበር። የሦስተኛው ክፍል ግድግዳ ደረት ከደረሰ በኋላ ክሩን ጥሎ ሲያየው ጣት ያህል ጎብጧል፤ አፍርሱት አለ። የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነበርና ሰው አጉረመረመ፣ ፀጉር አስተካካዩ ልስን ይሸፍነዋል ብሎ ለመከራከር ሞከረ። «ሥሩ ልጅ ነው የሚቀመጠው» አለ ቱንቢ፣ መዶሻውንም እሱ ራሱ አስቀድሞ አሳረፈበት። ከዚያ ወዲያ የተከራከረው የለም።

ስህተቱም የተሠራው በዚሁ ጊዜ ነው፣ የሠራውም ራሱ ቱንቢ ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ ይሰበሰባል። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን እንደ ሥዕል እያሳመረ ሲጽፍ ደግሞ ይመሻል፤ ሰውም ለመፈረም ብቻ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከአባላቱ ዳቦ ጋጋሪዋ ሊጥ አቡክታ መጥታለች፣ የታክሲ ሾፌሩ ደግሞ ተራው ሊያልፍበት ነው። አንድ ቀን ቱንቢ ተነሳና፣ ስንገባ ወረቀቱ ግርጌ ላይ እንፈርም፣ የተነጋገርነውን እሱ ኋላ በሰላም ይጻፈው አለ። አንዱ እንደ ማመንታት ሲል «እሱን ካላመንን ማንን ልናምን ነው?» ብሎ አሳቀ። ሁሉም ደስ አላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኮሚቴው ወረቀት ከላይ ባዶ፣ ከታች ሰባት ፊርማ ሆነ፤ ቱንቢ ቀድሞ ስለሚመጣ የመጀመሪያው ሁልጊዜ የእሱ ነው። አርባ ዓመት መሠረት ሳይቆፍር ግድግዳ ያላቆመ ሰው፣ ወረቀት ላይ ሲሆን ጣሪያውን አስቀድሞ ሠራ።

ክፍሎቹ ሚጢ አራተኛን ልትጨርስ ወር ሲቀራት አለቁ። ግድግዳው ቢጫ፣ በሩ አረንጓዴ ተቀባ። ጥቁር ሰሌዳውን ቱንቢ በገዛ እጁ ለስኖ፣ መዳፉን እያንሸራተተ አንዲት ጠጠር እንኳ አለመኖሯን አረጋግጧል። ሚጢ የአምስተኛ ክፍልን መቀመጫዋን ያኔውኑ መረጠች፤ ከሁለተኛው መስኮት ሥር፣ ከጸሐፊው የልጅ ልጅ ጎን። ሁለቱ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ናቸው።

የመጨረሻው ሐሙስ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ኮሚቴው እንደ ልማዱ ሲገባ ፈረመ። ሰውየው ለረጅም ጊዜ አመሰገነ፤ እንዲህ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም አለ፣ ስለ ክፍሎቹ ስፋትም ደጋግሞ ጠየቀ። ቱንቢ ስፋቱን ሲናገር አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እሱና ዳቦ ጋጋሪዋ አብረው ሲወጡ እንግዳውና ጸሐፊው ገና ተቀምጠው ነበር።

ከዚያ ትምህርት ተዘጋ። በእረፍቱ ወራት የጸሐፊው የልጅ ልጅ ከሚጢ ጋር ልትጫወት መምጣቷን አቆመች። ሚጢ ስትጠይቅ ዘመድ ቤት ሄደች ተባለች። ጸሐፊው ራሱም ሥራ በዝቶበት ነው መሰለኝ እየተባለ ሁለቱ ከሚገናኙበት ሻይ ቤት ጠፋ። ቱንቢ ምንም አልጠረጠረም። ጠርጣሪ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ ባልጻፍኩ።

የምዝገባው ሰኞ ሚጢን አጥቦ፣ ፀጉሯን ሠርቶ፣ የአራተኛ ክፍል ካርዷን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ግቢው ሲደርሱ ከአረንጓዴዎቹ በሮች ፊት የጭነት መኪና ቆሟል። ሰዎች የብረት ቁም ሣጥን፣ የቢሮ ጠረጴዛና የተጠረዘ መዝገብ እያወረዱ ወደ አዲሶቹ ክፍሎች ያስገባሉ። በአምስተኛ ክፍል በር ላይ ጽሑፍ ተለጥፏል። ቱንቢ ልጆቹ የሚቀመጡበት ዕቃ መጣ ብሎ ደስ አለው፤ ተሸካሚዎቹንም የግድግዳውን ቀለም እንዳትፍቁት ብሎ አስጠነቀቀ።

ርዕሰ መምህርቷ ቢሮዋ ውስጥ ስታየው ተነሳች። ለዚህ ትምህርት ቤት አዲስ ናት፤ ፊቷ ላይ እፍረት ነበረ። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የተከራየውን ሕንፃ መልቀቁን፣ ሠራተኞቹም ወደ አዲሶቹ ክፍሎች እየገቡ መሆናቸውን፣ አምስተኛ ክፍል በዚህ ግቢ እንደማይከፈት ነገረችው። ቱንቢ ማን ፈቀደ ብሎ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ ነበር» አለች። «ኮሚቴው ራሱ ጠይቆ ነው። ፊርማዎ አለበት።»

ወረቀቱን አወጣችለት። የጸሐፊው ውብ ጽሕፈት ከላይ እስከ ታች ሞልቶታል። ከግርጌው የገዛ ስሙን አራት ፊደላት አያቸው፤ ከሰባቱ መጀመሪያ ላይ። አንብቢልኝ ማለት አፈረና ግልባጭ ስጪኝ አላት።

ውጭ ዳቦ ጋጋሪዋ ከሌሎች እናቶች ጋር ቆማለች። ወሬው ቀድሞት ደርሷል። ፊርማዋ በወረቀቱ ላይ እንዳለ እሷም ሰምታለች፤ ግን ሰው ሲከፋው ከሁሉ በፊት የሚያየው የመጀመሪያውን ስም ነው። «ጋሽ ቱንቢ፣ ሁለት ዓመት ድንጋይ ያሸከሙን ለዚህ ነበር?» አለችው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። ሚጢ እጁን ይዛ ወደ ቤት መራችው።

እቤት እንደደረሱ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አደረገላትና አንብቢ አላት። ሚጢ ጎበዝ ናት፣ ግን የቢሮ አማርኛ ለአራተኛ ክፍል ልጅ ዳገት ነው፤ ቃል በቃል እየቆራረጠች፣ እየተመለሰች አነበበች። «አዲስ የተገነቡት አራት ክፍሎች ለጊዜው ለመማር ማስተማር ሥራ የማይፈለጉ በመሆኑ፣ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች መገልገያ እንዲውሉ ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ጠይቋል።»

«አያቴ፣ በአንድ ድምፅ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሁሉም ተስማማ ማለት ነው።»

«አንተም?»

መዋሸት አልፈለገም፣ እውነቱን ደግሞ እንዴት እንደሚያስረዳት አላወቀም። ውሃ አምጪልኝ ብሎ ላካት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሙሉ በአንድ ተስፋ ላይ ተንጠልጥሎ አሳለፈው። ልጅ ናት፣ አሳስታ አንብባ ይሆናል። ቃሉ ይከብዳል፣ መስመር ዘላ ይሆናል። ሰው የሚወደውን ሰው ነፃ ለማውጣት የማይፈነቅለው ድንጋይ የለም። የገዛ የልጅ ልጁ ማንበብ ያልቻለች እንድትሆንለት የተመኘ አያት አይቼ አላውቅም፤ እሱ ግን በዚያ ቀን ከልቡ ተመኘ።

በማግስቱ ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞ ወደ ጃንጥላው ሄደ። ጸሐፊው ሲያየው ብዕሩን አስቀመጠ፣ ወንበር ሳበለት፣ ስለ ጤናው ጠየቀው። ቱንቢ ወረቀቱን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«አንብብልኝ» አለ።

ጸሐፊው ወረቀቱን አየው። የራሱ እጅ ነው፤ ምን እንዳለበት ለማወቅ መነጽር አያስፈልገውም ነበር። ቢሆንም መነጽሩን አጠለቀ። ጣቱን እንደ ወትሮው መስመሩ መጀመሪያ ላይ አሳረፈ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ አነበበ። ክፍሎቹ እርጥበት ስላልለቀቃቸው ለልጆች ጤና ሲባል አንድ ዓመት እንዲቆዩ፣ እስከዚያው ጽሕፈት ቤቱ እንዲጠብቃቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት አምስተኛ ክፍል እንዲጀመር ኮሚቴው ወስኗል ብሎ አነበበ። አልተደናቀፈም። ጣቱ በእያንዳንዱ ቃል ሥር እየሄደ፣ የሌለውን ነገር ከሌለበት ቦታ እያነሳ አነበበ። ሲጨርስም ወረቀቱን አጥፎ እንደ ሁልጊዜው በሁለት እጁ መለሰለት።

ቱንቢ ግን ግድግዳዎቹ ከደረቁ መቆየታቸውን በገዛ መዳፉ ያውቃል። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ክህደት ነበር፤ ይሄኛው ግን ዓይን ለዓይን እየተያዩ ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ለዚህ ነው።

«ሚጢ ሌላ ነው ያነበበችው» አለ።

ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ። አልጠረገውም፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ብንፈርምም ባንፈርምም ይወስዱት ነበር አለ፤ የጽሕፈት ቤቱ ሰው አስቀድሞ ወስኖ ነው የመጣው፣ የፈለገው ወረቀት ብቻ ነው፤ እኔ እምቢ ብል በሌላ ሰው ያጽፍ ነበር አለ። ደግሞ ቱንቢ ሳይጠይቀው ቀጠለ።

«ቢያንስ አንድ ልጅ ላትርፍ ብዬ ነው። መሃል ከተማ ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት አስገቡልኝ።»

«ማንን?»

«የልጄን ልጅ።»

ቱንቢ የእኔዋስ አላለም። ሊል ነበር፣ ግን ያን የእጅ መጨባበጥ አስታወሰና ተወው። ሚጢ ከአራተኛ ክፍል እንዳትቀር ስትል እናቷ የለመነችበትን ደብዳቤ ያነበበው እኮ ይሄው ሰው ነው፤ ዓይኑን የጠረገው ይሄው ሰው ነው። አደራ በላ ማለት ከዚህ ወዲያ ምን አለ? ቱንቢ ተነሳ። የመጣ ባለጉዳይ ቆሞ ይጠብቅ ነበርና፣ «ሰው አለህ፣ አስተናግድ» አለውና ሄደ።

ኮሚቴው እርግጥ አቤት ብሏል። ስድስቱ ተሰልፈው ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ፣ ፊርማችሁ አይደለም ወይ ተባሉ፣ ነው አሉ፣ እንግዲያውስ ምን ትላላችሁ ተባሉ። በጽሑፍ አመልክቱ ተባለና ሲወጡ፣ ፀጉር አስተካካዩ ጥሩ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ የገዛ ጥያቄውን ራሱ ሰማው። በከተማው እንደዚያ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ቱንቢን እንቅልፍ ያሳጣው ግን የክፍሎቹ ነገር ብቻ አልነበረም። ጸሐፊው ሲዋሽ ድምፁ አልተለወጠም። ጣቱ አልተንቀጠቀጠም። እውነት ሲያነብና ውሸት ሲያነብ አንድ ሰው ነው። እንግዲያው ሠላሳ ዓመት የተነበበለት ሁሉ ምን ነበር? እሑድ ከቀትር በኋላ ሚጢን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ የቤቱን ካርታ አወጣ። አነበበችው፤ እንደሚያውቀው ነው። የመብራት ወረቀቱንም አነበበች፤ ልክ ነው። ትንሽ ተነፈሰ። ከዚያ የብስኩት ቆርቆሮውን አመጣ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ በቃሉ ያውቀዋል። ሚጢ ስታነብ ከንፈሩ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፦ በሰላም ገባሁ፣ ሴትየዋ ደህና ናት፣ ለሚጢ የላክሁት ቀሚስ ቢሰፋት ትደርስበታለች። ቃል በቃል እንደ ጸሐፊው ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ነበር ወረቀቱን አጥፎ የሚመልስለት። ሚጢ ግን አላጠፈችም፤ ገጹን ገልብጣ ቀጠለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ እጄን ይዘህ ብታሻግረኝ ምን ነበረበት? ሥራህ እኮ ከመንገዱ ማዶ ነበር። በየቀኑ አንተ ትሻገር ነበር።»

ቱንቢ ድገሚው አላት። ደገመችው።

ሁለተኛው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ፣ «ለጠየቅሁህ አልመለስክልኝም» ይላል። ሦስተኛው ላይ፣ «ተቀየምከኝ እንዴ?» አራተኛው ላይ፣ «እሺ፣ ሁለተኛ አላነሳውም።» ከዚያ በኋላ አላነሳችም። ደብዳቤዎቹም እያጠሩ ሄደዋል፤ ቱንቢ ሥራ ስለበዛባት ይመስለው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በጸሐፊው ጃንጥላ ሥር ቆሞ ሲያስጽፍ የነበረው መልስ ደህና ነን፣ ሚጢ አድጋለች፣ ዝናቡ ዘንድሮ በዝቷል የሚል ነው። ልጁ ልቧን ከፍታ ጠየቀችው፣ እሱ ስለ ዝናብ መለሰላት።

እኔ ለጸሐፊው ስከራከር፣ መጀመሪያ የዘለለው አዝኖለት ይሆናል እላለሁ። ወዳጁ ሚስቱን ቀብሮ፣ ልጁን ሸኝቶ፣ ሕፃን ታቅፎ ፊቱ ቆሟል፤ ያቺን መስመር ማንበብ ከበደው። ይሆናል። ግን ሰውን ሳያስፈቅዱ ማዘን ይለመዳል፤ ለወዳጁ ብሎ መስመር መዝለል የለመደ ሰው፣ ለራሱ ብሎ መስመር መጨመር ብዙ አልራቀውም። ቱንቢ ይህን ሁሉ አላሰላሰለም። ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ፤ ሚጢ አያቷ ሲያለቅስ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። የተነጠቀው አራት ክፍል ብቻ መስሎት ነበር።

ፊቱን ሲያነሳ ደብተርሽን አምጪ አላት።

እየነገራት ጻፈች። ቀስ ብላ ነው የምትጽፈው፣ እሱም ጠበቃት። «ልጄ፣ ያኔ የጠየቅሽኝን ዛሬ ሰማሁ። ከዚህ በፊት አልሰማሁም፣ ሚጢ ናት ያነበበችልኝ። ምንም አልነበረበትም። ማሻገር እችል ነበር። ፈርቼ ነው። እዚህ የሠራሁላት ክፍል ተወስዷል። ነገ ማዶ ትመዘገባለች።»

ሚጢ ብዕሯን አንስታ አየችው። «ተወስዷል የሚለው ያሳዝናታል፣ ልተወው?» አለች።

«አትተዪ» አለ። «አንድም ቃል እንዳትዘልዪ። አሁን አንብቢልኝ።»

ሁለት ጊዜ አስነበባት። ከዚያ ብዕሩን ተቀብሎ፣ ከመጨረሻው ቃል ሥር፣ አራቱን ፊደላት ጻፈ።

ሰኞ ጠዋት ከአውራ ጎዳናው ዳር ቆሙ። የከባድ መኪናው ነፋስ የሚጢን ቀሚስ ያንገላታል። ቱንቢ ይህን መንገድ ለሥራ ስንት ሺህ ጊዜ እንደተሻገረው አይቆጠርም፤ ጭንቅላቱን እንኳ ሳያዞር። ዛሬ ግን ቀኝ አየ፣ ግራ አየ፣ ደግሞ ቀኝ አየ። እጇን ያዘና ገባ።

«አያቴ፣ አመመኝ እኮ፣ ላላ አድርገው» አለች መሃል መንገድ ላይ።

ማዶ እስኪደርሱ አላላላትም።